የእመቤታችን አክሊልና የቶማሳ ቂጣ

ቶማሳ ስትጮኽ የያዘችው ሳህን ወድቆ ተንኮታኮተ። ቶማሳ በባሲሊዮ መጠጥ ቤት ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብስ የኖረች ሴት ናት። የፈላ ዘይት ክንዷ ላይ ቢረጭባት እንኳ መጀመሪያ ሳህኑን በደህና ታስቀምጣለች፣ ከዚያ ነው የምትራገመው። ስለዚህ የሳህን ስብርባሪ ስሰማ ሰው ሞቷል ብዬ ደረቴን ያዝኩ።

ሰው አልሞተም። ከማድ ቤት ወደ እኛ በሚያመጣው ኮሪደር፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የምትቆመው የትንሿ የካርመን እመቤታችን ሐውልት ራስ ባዶ ሆኗል። አክሊሏን ወስደውታል።

"ወርቅ ነው፣ ይተካል" የሚል ካለ የወደብ ከተማችን የካዲዝ ሰው አይደለም። ያንን አክሊል የላ ቪኛ ሰፈር ሴቶች፣ ዓሣ አጥማጅ ባሎቻቸው ከማዕበል ተርፈው የገቡ ጊዜ፣ የጣታቸውን ቀለበት አስቀልጠው ነው ያሠሩት። የእናቴም ቀለበት እዚያ ውስጥ አለ። ጣቷን ባዶ አድርጋ ኖራ ባዶ አድርጋ ሞተች፤ የጠየቃትን ሁሉ "የኔ ቀለበት እመቤታችን ራስ ላይ ነው" እያለች ታሳፍር ነበር።

ባሲሊዮ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ በሩን ቀረቀረ። ፊቱ ቀይ የሆነ ሰው ነው፤ ያን ዕለት ግን አመድ መስሏል።

"ከዚህ ቤት ማንም አይወጣም! ጠረጴዛው ላይ ያለውንም ማንም እንዳይነካ!"

"እኔ መቼ ልውጣ አልኩህ?" አልኩት። "ገና ዓሣዬ አልመጣም።"

እሑድ ቀትር ነው። ሌቫንቴ የምንለው የምሥራቅ ነፋስ መስኮቱን ይደበድባል፤ በእንዲያ ያለ ቀን ጤነኛ ሰው ከቤቱ አይወጣም፣ ስለዚህ በመጠጥ ቤቱ ውስጥ የነበርነው እኛ ብቻ ነን። እኔ ፕሩደንሲያ፤ የበኩር ልጄ ላውሬአኖ ከሚስቱ ከፉኤንሳንታና ከትንሿ ልጃቸው ከኒየቬስ ጋር፤ ሴቷ ልጄ ሚላግሮስ፤ የሚላግሮስ ልጅ ኤሊሴኦ።

የተሰበሰብነው ለኤሊሴኦ ነው። በጎረምሳነቱ ከማይረቡ ጓደኞች ጋር የሰው መኪና ሲሰርቅ ተይዞ ታስሮ፣ በአመክሮ የወጣው በቅርቡ ነው። እስር ቤት ውስጥ ማድ ቤት መድበውት ምግብ ማብሰል ተማረ። ባሲሊዮ የሠራውን አንድ ቀን ቀመሰና "ቶማሳ ጡረታ ስትወጣ ማድ ቤቱ ያንተ ነው፤ ከመጪው ሰኞ ጀምረህ አጠገቧ ቁም" አለው። ያን እሑድ ብርጭቆ አንስቶ ለሁላችን ይህንኑ ሲያበሥር፣ ቀድሞ ያጨበጨበው ላውሬአኖ ነው። ላውሬአኖ በዚያው ቤት ባንኮኒ ላይ ጸጉሩ የሸበተ አሳላፊ ነው። ያን ዕለት ዕረፍት ወስዶ እንደ እንግዳ ከእኛ ጋር ተቀምጧል።

"ሁላችንም ኮታችንን እናስፈትሽ" አለ ላውሬአኖ ብድግ ብሎ። "ንጹሕ ሰው ምን ይፈራል? ከኔ ጀምሩ።"

ኮቶቻችን የተሰቀሉት ኮሪደሩ መግቢያ ላይ ነው። ባሲሊዮ አንድ በአንድ ዳበሰ። ኤሊሴኦ ጃኬት ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። ከኪሱ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አወጣና ገለጠው።

አክሊሉ ነው።

ሚላግሮስ "አይ፣ አይ፣ አይ" አለች። ኤሊሴኦ አልጮኸም፣ አልማለም። ሁለት እጆቹን ጣቶቹ እንዲታዩ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ማን እንዳስተማረው መጠየቅ አያስፈልግም።

"አያቴ፣ ከዚህ ወንበር አልተነሣሁም" አለኝ በዝቅታ።

"አውቃለሁ፤ ክንድህን ይዤህ ነበር።"

"በአመክሮ ያለ ሰው ማን ያምነዋል? ስሙ ከተነሣ በቃ፣ ይመልሱታል። የቀረኝን ዓመታት እዚያው ነው የምጨርሰው።"

*

ባሲሊዮ በስልክ የጠራት ኢንስፔክተር ኢቱርቤ ስትገባ ነፋሱ ጸጉሯን እንደ ጃርት አቁሞታል። አጭር ሴት፣ ጠፍጣፋ ጫማ፣ አነጋገሯ የሰሜን ሰው።

"ከሰሜን የመጣ ፖሊስ!" አልኩ። "ዝናብና ላም ሲጠብቅ ያደገ ሰው የኛን ነገር ምኑን ያውቃል?" በሆዴ አይደለም ያልኩት፤ እኔ በሆዴ የምለው ነገር የለኝም።

"ላሙስ እውነት ነው እማማ" አለችኝ ዘወር ሳትል። "አባቴ ብዙ ነበሩት።"

እዚህ ላይ ትንሽ ወደድኳት።

አብሯት የመጣው ፖሊስ ካቴናውን አውጥቶ ወደ ኤሊሴኦ ተራመደ።

"መልሰው" አለችው። "አክሊሉ ተገኝቷል፣ ሰውየው ተቀምጧል፣ በሩ ተቆልፏል። ምን ያስቸኩልሃል?"

መጀመሪያ የጠራችው ቶማሳን ነው።

"አክሊሉን መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?"

"በጥቃቅን የባሕር ሽሪምፕ የጠበስኩትን ቂጣ ላደርስ ስወጣ። እኔ በእመቤታችን ፊት ሳላማትብ አላልፍም፤ ባንድ እጄ ሳህን፣ ባንድ እጄ መስቀል። አክሊሏ ነበር። አድርሼ ስመለስም ነበር። ዓሣውን ጠብሼ ስወጣ ግን ራሷ ባዶ ነው።"

"ስለዚህ አንቺ ዓሣ ስትጠብሺ፣ እነሱ ቂጣውን ሲበሉ ነው የጠፋው።"

"እንዲያ ነው።"

"ማድ ቤትሽን ለዚህ ልጅ ሊሰጡት ነው አሉ። ደስ ብሎሻል?"

"ጉልበቴ አልቋል እመቤቴ።"

"ስለ ጉልበትሽ አልጠየቅኩሽም።"

ቶማሳ ዓይኗን በሽርጧ ጠረገች። ዓይኗ ጠዋትም ቀልቶ ነበር፤ አይቻታለሁ። ፉኤንሳንታ በክርኗ ጎሸመችኝ፤ ላውሬአኖም "ምስኪን፣ ቅናት ሰውን ምን አያደርገው" ብሎ አጉረመረመ። ለአፍታ እኔም ተጠራጠርኩ። ማድ ቤቷን የተነጠቀች ሴት ምን እንደምታደርግ እኔ አውቃለሁ፤ ምራቴ የመጀመሪያ ወር የኔን ድስት ስትነካ ምን እንዳደረግኳት ራሷ ትንገራችሁ።

ኢንስፔክተሯ ግን የቶማሳን እጅ ገልብጣ አየች። እስከ ክርን ዱቄትና ዘይት። ኮሪደሩ ጋ ሄዳ አፍንጫዋ እስኪነካ የመስታወቱን ሣጥን መረመረች።

"ይህን በር የከፈተ ሰው እጁ ደረቅ ነው" አለች። "ይህች ሴት ነክታው ቢሆን መስታወቱ ላይ ጣቷ ተስሎ ይቀር ነበር። ሂጂ ተቀመጪ እህቴ።"

"የጓሮ በርም አለ" አለ ላውሬአኖ። "የወይን ጠጅ አመላላሹ በዚያ ነው የሚገባው። ጠዋት መጥቶ ነበር።"

ሄደች፣ ወዲያው ተመለሰች። "ነፋሱ በበሩ ሥር የባሕሩን አሸዋ አስገብቶ እንደ አንሶላ አንጥፎታል። እግር አልረገጠውም።" ከዚያ ወደ ጠረጴዛችን ዞረች። "እንግዲህ ከናንተው መካከል ነው። ቂጣው ሲበላ ማን ተነሣ?"

"እኔ አልተነሣሁም።"

"እኔም።"

"ማንም አልተነሣም" አለ ላውሬአኖ። "በእርግጥ... ኤሊሴኦን ልብ አላልኩትም።"

"ውሸታም!" አለች ሚላግሮስ።

"ልብ አላልኩም አልኩ እንጂ ተነሣ አልኩ?"

"እመቤቴ" አለች ፉኤንሳንታ ለኢንስፔክተሯ፣ "በኛ ጠረጴዛ ሁሉም ይናገራል፣ ማንም አይሰማም። የተነሣ ይነሣል፣ የተቀመጠ ይቀመጣል። ማን ይቆጥራል?"

እውነቷን ነው፤ ባሲሊዮም ያን ጊዜ ጀርባውን ሰጥቶን ጠርሙስ ይከፍት ነበር። እኔም ያን ጊዜ ከሚላግሮስ ጋር ሙግት ይዤ ነበር፤ ሙግት ከያዝኩ ጣሪያው ቢወርድ አላይም። ክንዱን ስለያዝኩት ስለ ኤሊሴኦ እመሰክራለሁ፤ ግን የአያት ምስክርነት ዳኛ ያስቃል።

*

ኢንስፔክተሯ ጠረጴዛውን መዞር ጀመረች። አልነካችም፤ ብቻ አየች። እኔም እሷን ሳይ ጠረጴዛችንን እንደ አዲስ አየሁት፤ ኮራሁበትም። በባሲሊዮ ቤት የብቻ ሳህን የሚባል ነገር የለም። አንዱ ይመጣል፣ እጅ በእጅ ላይ ይተላለፋል፣ ያልቃል፣ ሌላው ይመጣል። የተጠበሰው የሊጥ ክሮኬታ ላዩ ኩርሽምሽም፣ ውስጡ ወተት። በኮምጣጤ የተነከረው ዓሣ ነጭ እንደ ሐር። ሽምብራው በስፒናች። የተጣላ ቤተሰብ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ብዙ ጊዜ ታርቋል፤ የሰው እጅ እየገፉ መብላት እንጂ ማኩረፍ አይቻልማ።

"በየሳህኑ አንድ አንድ ቁራሽ ቀርቷል" አለች ኢንስፔክተሯ።

"የይሉኝታ ቁራሽ ነው!" አለች ትንሿ ኒየቬስ። "እሱ አይበላም። የበላው ሰው ሆዳም ነው።"

"በኛም አገር እንደዚያው ነው የኔ ቆንጆ። ቶማሳ፣ ሳህን ላይ ስትደረድሪ በስንት ነው?"

"በሰው አፍ ቁጥር፣ በላዩ አንድ። ያቺ አንድ የይሉኝታ ናት። ከእናቴ የተማርኩት ነው።"

"ሁልጊዜ?"

"እናቴ ከመቃብር ተነሥታ ብትመጣ የምትቆጥረው እሱን ነው።"

"ታዲያ ቂጣው ሳህን ላይ ለምን ሁለት ቀረ?"

ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን። እውነትም ሁለት። ስስ፣ ወርቅ የመሰሉ፣ ጎን ለጎን።

"አንድ ሰው አልበላም" አለች። "ምናልባት ቂጣው ሲመጣ እዚህ አልነበረም። ማነው ያልበላው?"

"እኔ በላሁ!" አለች ፉኤንሳንታ። "እኔም!" አለ ላውሬአኖ። "ከሁሉ በፊት የበላሁት እኔ ነኝ!" አለች ሚላግሮስ። ቶማሳ ቆማ እያየችው "ቂጣሽን አልበላሁም" የሚል ሰው በካዲዝ ገና አልተወለደም።

"እንዴት ነበር?"

"ግሩም!" አለች ሚላግሮስ።

"ምላስ ያስቆረጥማል!" አለች ፉኤንሳንታ።

"እንደ ወትሮው" አለ ላውሬአኖ። "እጇ ይባረክ።"

ኢንስፔክተሯ ወደ እኔ ዞረች። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ሚላግሮስ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ፤ ቀና ስል የቶማሳን የቀሉ ዓይኖች አየሁ።

"ደህና ነው" አልኩ። በሕይወቴ ስለ ምግብ "ደህና ነው" ብዬ አላውቅም።

ሴትዮዋ ጠረጴዛውን እንደገና ቃኘች። ዓይኗ ወይን ጠጁ ላይ ዋለ፣ ብርጭቆዎቹ እስከ ወገባቸው ሙሉ ናቸው። ከዚያ ውኃው ማንቆርቆሪያ ላይ። ጠብታ አልቀረበትም።

"የካዲዝ ሰው ወይን ጠጁን ትቶ ውኃ ሲጠጣ ዛሬ አየሁ" አለች። የቂጣውን ሳህን በሶፍት ሸፍና ወደ ወይን ጠጅ ጓዳው ይዛው ገባች። "አንድ በአንድ እጠራችኋለሁ። እማማ ይቅደሙ።"

*

ጓዳው ውስጥ በርሜል ላይ አስቀመጠችኝ።

"እዚህ ቶማሳ የለችም። ቂጣው እንዴት ነበር?"

"ጨው ነው! ባሕሩን ጨልፋ የጠበሰችው ነው የሚመስለው። አክብሬያት ዋጥኩት እንጂ ለጠላቴ አልመኘውም።"

"አመሰግናለሁ። መሄድ ይችላሉ።"

"ጉልበቴ አያነሣኝም።"

ጉልበቴ ደህና ነበር። እሷም ሳታውቅ አልቀረችም።

"ዝም ብለው መቀመጥ ይችላሉ?"

"አልችልም።"

"ይሞክሩ።" ከበርሜሎቹ ጀርባ ጥላ ውስጥ አደረገችኝ።

ፉኤንሳንታ ገባች። "በእመቤታችን፣ ለቶማሳ እንዳትነግሪብኝ... ጉሮሮዬ ነው የተላጠው።" ሚላግሮስ "ውኃውን የጨረስኩት እኔ ነኝ" አለች። ኒየቬስ ገብታ "ሳላኝክ ነው የዋጥኩት። ልተፋ ስል እማዬ ቆነጠጠችኝ" አለችና ቁንጥጫውን አሳየች።

ኤሊሴኦ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

"ቂጣው እንዴት ነበር?"

"ጨው ሁለቴ ገብቶበታል። ሐሳብ ላይ ሆና ነው የለወሰችው። ነገ ምን እንዳስከፋት ልጠይቃት አስቤ ነበር።" ወደ በሩ ዞር አለ። "ነገ ካለኝ።"

"ታዲያ ለምን ጨረስከው?"

"የቶማሳ ነዋ።"

ላውሬአኖ መጨረሻ ገባ። እንደ ባለቤት ነው የገባው፤ ጓዳውን ከሁላችን በላይ ያውቀዋል።

"ቂጣው እንዴት ነበር?"

"ነገርኩሽ እኮ። ስስ፣ ጨው የተመጠነ፣ ከንፈር ላይ የሚሰበር። ለገባ እንግዳ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው።"

"እዚህ ቶማሳ አትሰማህም።"

"ብትሰማም ባትሰማም አንድ ነው።"

በርሜሉ ላይ እንደተቀመጥኩ ገባኝ፤ ያን ጨው የቀመሰ ሰው እንዲህ አይልም። ልጄ ነው። ጡት ያጠባሁት ልጄ ነው።

ኢንስፔክተሯ ሶፍቱን ገለጠች። "ቅመስ።"

ሳቅ አለና ቆርሶ ጎረሰ። አኘከ። መንጋጋው ቆመ። አልተፋውም፤ ዋጠው፣ እንባው እስኪመጣ።

"አለመብላት ወንጀል አይደለም" አለችው በለሆሳስ። "አንተ ግን በላሁ ብለሃል። ማንም አልተነሣም ብለሃል። ኮት እንፈትሽ ያልከውም፣ ጓሮውን ያሳየኸኝም፣ የገዛ እህትህን ልጅ ልብ አላልኩትም ያልከውም አንተ ነህ።"

"ምናልባት... ሽንት ቤት ሄጄ ይሆናል። ማን ያስታውሳል?"

ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

"ላውሬአኖ! የት ነበርክ?"

ከጥላው ውስጥ ድምፄን ሲሰማ እንደ ሕፃን ደነገጠ። ለፖሊስ የሚሆን ሌላ ውሸት ሳይኖረው አይቀርም፤ ለእኔ ግን አላዘጋጀም። የጠርሙስ ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

"ወጣትነቴን እዚያ ባንኮኒ ላይ ጨረስኩ እማዬ። የማን ሚስት እንደታመመች፣ ማን ከማን እንደተጣላ የማውቀው እኔ ነኝ። ባሲሊዮ ልጅ የለውም። አንድ ቀን 'ላውሬአኖ፣ ቤቱ ያንተ ነው' ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። ትናንት ከእስር የወጣ ልጅ መጣ፣ አንድ ድስት ሠራ፣ በቃ!"

"የሰጠው ማድ ቤቱን ነው እንጂ ቤቱን መች ሰጠው?"

"ማድ ቤቱን የያዘ ቤቱን ይዟል። አንቺው ነሽ የምትይው።"

እኔው ነኝ። ዛሬም እላለሁ።

"ልሸጠው አይደለም" አለ። "አክሊሉ ወዲያው እንዲገኝ ነው ያደረግኩት። ባሲሊዮ እንዲያባርረው ብቻ ነው የፈለግኩት።"

"እንዲያባርረው! ወደ እስር ነው የሚመልሱት፣ ደንቆሮ! የእህትህን ልጅ!"

በጥፊ ላጠናግረው ተነሣሁ። ኢንስፔክተሯ ክንዴን ያዘችኝ፤ አያያዟ የፖሊስ አልነበረም፣ ደረጃ ላይ እናቷን እንደምትደግፍ ሴት ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ሰው ግን በዓይኔ እመዝናለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ ማንንም ሳታዋርድ፣ የቶማሳን ስም እንኳ ጠብቃ፣ እውነቱን ከመካከላችን እንደ ዓሣ አጥንት መዝዛ አወጣችው። ከሰሜንም ሰው ይወጣል።

*

ነገሩን ለሁሉም አዳራሹ ውስጥ በአጭሩ ተናገረች። ፉኤንሳንታ አፏን በእጇ ያዘች። ባሲሊዮ ላውሬአኖን አየውና "ለምን አልጠየቅከኝም?" ብቻ አለ። ቶማሳ ደግሞ ከሁሉ የያዘችው ሌላውን ነው።

"ጨው በዝቶበት ነበር? ማድ ቤቱን ብቻዬን የያዝኩበት የመጨረሻ እሑድ ነው እያልኩ ሳለቅስ ነው የለወስኩት... እና ሁላችሁም ዋጣችሁት?"

ሁላችንም ወለሉን አየን።

"እብዶች" አለች። አሁን ለቅሶዋ ሌላ ነበር።

ፖሊሱ ካቴናውን አወጣ፤ በዚህ ጊዜ ኢንስፔክተሯ አልከለከለችውም። ላውሬአኖ ራሱ እጁን ዘረጋለት።

ኤሊሴኦ ከወንበሩ ተነሣ። ጃኬቱን ለበሰ።

"እመቤቴ፣ እኔ ነፃ ነኝ?"

"ነፃ ነህ። ንጹሕ መሆንህንም ለአመክሮ ኃላፊህ እኔው ራሴ እነግርልሃለሁ።"

"እንግዲያው አብሬው ልሂድ።"

ሚላግሮስ ብድግ አለች። "አብደሃል? ሊያጠፋህ ነበር እኮ!"

"አውቃለሁ እማዬ።"

"ታዲያ?"

"እዚያ ሲገቡ ቀበቶህን አውልቅ ይሉሃል፣ የጫማህን ክር ይወስዳሉ። ምን እንደሚያደርጉህ አታውቅም። አጎቴ አያውቅም። ማን ዓይን ውስጥ ማየት እንደሌለበት፣ የት መቀመጥ እንደሚሻል መንገድ ላይ ልንገረው። ከበሩ እመለሳለሁ።"

ኢንስፔክተሯ የመኪናውን ቁልፍ አወጣች። ከዚያ ለፖሊሱ "ከኋላ ከሰውየው ጋር ይቀመጥ" አለችው።

ላውሬአኖ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም። ኤሊሴኦ ግን መንገድ እንደሚያሻግሩት ሽማግሌ ክርኑን ያዘው። በሩ ሲከፈት ነፋሱ ሶፍቱን ሁሉ ከየጠረጴዛው አነሣው። እኔ ሰው ሳመሰግን አፌን የሚያመኝ ሴት ነኝ፤ ያን ቀን ግን እስከ መንገዱ ወጥቼ፣ ቀሚሴን በሁለት እጄ ይዤ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ "የኔ ልጅ ነው ያ! አያችሁት? የኔ ነው!" ብዬ ጮኽኩ። ከሁለቱ የትኛውን ማለቴ እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም።

ስመለስ ፉኤንሳንታ ኮቷን ለብሳ፣ ኒየቬስን በእጇ ይዛ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ልትሄድ ነው፣ ግን የት እንደምትሄድ አታውቅም። ሚላግሮስ አጠገቧ ያለውን ወንበር በእግሯ ገፋ አደረገችላት።

"ተቀመጪ" አለቻት። "ልጅሽ አልጠገበችም።"

ቶማሳ አፍንጫዋን ጠርጋ ዓሣውን እንደገና ልትጠብስ ገባች።